አሮጌ አይሮፕላን ይብረር ወይስ ይቀመጥ?

የቀድሞ ዘመን አይሮፕላኖችን በሚያፈቅሩ ሰዎች መካከል ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የቆየና እስከ ዛሬም ያልተፈጸመ አንድ ክርክር አለ። እኩሌቶቹ፤ አይሮፕላን የተሠራው ለመብረር ነውና ሞተሩ ሳይነሣ፤ ድምፁም ሳይሰማ በአዳራሽ ውስጥ ቢቆም አካሉን እንጂ ነፍሱን አላየንም ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ፤ ብዙ ተሠርቶ ዛሬ ጥቂት ወይም አንድ ብቻ የቀረውን ነገር ለአንድ ቀን ደስታ ብሎ ወደ ሰማይ መስደድ የማይመለስ ጥፋት ነው ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ቢመስልም፤ ነገሩ የገንዘብ፤ የሰው ሕይወትና የታሪክ እውነት ጉዳይ ስለሆነ አስተዳዳሪም ነጋዴም ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ይብረር የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሞተር ውስጡ ይዝጋል፤ የጎማ ክፍሎቹም ይደርቃሉ። ከዚህም በላይ የአሮጌውን ሞተር ጠባይ የሚያውቅ መካኒክ እጁን ካላሠራና ለወጣቱ ካላስተማረ ጥበቡ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ዋርደን በተባለው ስፍራ ያለው የሻትልወርዝ ስብስብ በ1909 (የአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተሠራ አንድ ብሌሪዮ አይሮፕላን ነፋስ በሌለበት ቀን ከመሬት ጥቂት ከፍ እያደረገ ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ አሳይቷል። ይህን ያየ ሰው ከብዙ መጻሕፍት የማያገኘውን ትምህርት እንደሚያገኝ አይካድም።

ይሁን እንጂ አደጋው ደግሞ በዓይን የታየ ነው። በ2018 በስዊስ ተራሮች ላይ በ1939 የተሠራ አንድ ዩንከርስ 52 ወድቆ በውስጡ የነበሩት 20 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በ2022 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ በተደረገ የአየር ትርኢት አንድ ቢ-17 ከሌላ የጦርነት ዘመን አይሮፕላን ጋር በአየር ላይ ተጋጭቶ 6 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በዚያ የጦርነት ዘመን ከቢ-17 ዓይነት 12,731 ተሠርተው ነበር፤ ዛሬ ለመብረር የሚችሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አደጋ ባይደርስም እንኳ እያንዳንዱ በረራ ዕቃውን ይበላል። ዛሬ አንድ ቁራጭ፤ ነገ ሌላ ቁራጭ ሲለወጥ በመጨረሻ ባለቤቱ አሮጌ ስም ያለው አዲስ አይሮፕላን ይዞ ይቀራል።

ይቀመጥ ማለትም መጋዘን ከፍቶ መክተት ብቻ አይደለም። በጥንታውያን አይሮፕላኖች ክንፍ ላይ የተወጠረውን ጨርቅ ብርሃን ያደክመዋል፤ እርጥበት ደግሞ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ሙጫውንም ያላቅቀዋል። በባሕር ወደብ የሠራ ነጋዴ ሁሉ ጨዋማው አየር ቆርቆሮን እንዴት እንደሚበላው ያውቃል፤ አሉሚኒየምም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ብርሃኑና እርጥበቱ የሚጠበቅበት ቤት፤ በየጊዜው የሚመረምር ባለሙያና ዓመት በዓመት የማይቋረጥ በጀት ያስፈልጋል።

ነገሩን በጥሞና የሚመለከት ሰው ግን ከመብረርም ከመቀመጥም የሚበልጥ ሦስተኛ ነገር እንዳለ ይረዳል። ይኸውም በአይሮፕላኑ ላይ የተለወጠውን ሁሉ በታማኝነት መመዝገብ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የራይት ወንድማማቾች አይሮፕላን ታሪክ ነው።

ዊልበርና ኦርቪል ራይት በዲሴምበር 17 ቀን 1903 በአሜሪካ በኪቲ ሆክ አጠገብ ባለው አሸዋማ ሜዳ አራት ጊዜ በረሩ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ፤ የመጨረሻው 59 ሰከንድ ነበር። በዚያው ቀን አይሮፕላኑን ነፋስ ገልብጦ ሰበረው፤ ከዚያም ወዲህ ዳግመኛ አልበረረም። እንግዲህ በዕድሜው ሁሉ በአየር ላይ የቆየው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዚያው ዓመት ከእነርሱ ቀደም ብሎ የስሚዝሶንያን ተቋም የበላይ የነበረው ሳሙኤል ላንግሌይ ያሠራው አይሮፕላን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ፤ ሁለት ጊዜም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ነበር።

በ1914 ግን ከራይት ወገን ጋር በፈጠራ መብት ይካሰስ የነበረው ግሌን ከርቲስ የላንግሌይን አይሮፕላን ተረክቦ፤ ብዙ ክፍሉን ለውጦ፤ ለአጭር ጊዜ አበረረው። ተቋሙም አይሮፕላኑን ወደ ቀድሞ መልኩ መልሶ በአዳራሹ ሲያቆመው፤ ሰው ተሸክሞ ለመብረር የቻለ የመጀመሪያው አይሮፕላን ነው የሚል ጽሑፍ አኖረበት። ለበረራው ሲባል የተደረገውን ለውጥ ግን አልገለጠም።

ኦርቪል ራይት በዚህ አዝኖ በ1928 የራሱን አይሮፕላን በለንደን ወዳለው የሳይንስ ቤተ መዘክር ላከው። ያገሩ መኩሪያ የሆነው ዕቃ ሃያ ዓመት በባዕድ አገር ኖረ። ተቋሙ ከርቲስ ያደረገውን ለውጥ ዘርዝሮ አሳትሞ የቀድሞ ቃሉን ያነሣው በ1942 ነው። ኦርቪል በ1948 መጀመሪያ ሞተ፤ አይሮፕላኑም በዚያው ዓመት በዲሴምበር 17 ቀን፤ ልክ በ45ኛ ዓመቱ፤ በዋሽንግተን ለሕዝብ ታየ። ዛሬ በላዩ ያለው ጨርቅ የ1903 ጨርቅ አይደለም፤ በ1927 ኦርቪል ራሱ፤ በ1985 ደግሞ ቤተ መዘክሩ ለውጦታል። ነገር ግን ለውጡ በግልጽ ተጽፎ ስለሚገኝ የሚታለል ተመልካች የለም።

የሁለቱ አይሮፕላኖች ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሹም በመዝገብ ያለውን ቃል ፍቆ ሌላ ቢጽፍበትና ዝም ቢል ሰነዱ ሐሰተኛ ይሆናል፤ ቀንና ፊርማ ካኖረበት ግን እርማት ይባላል። ነጋዴም ቢሆን የታደሰውን ዕቃ የታደሰ ነው ብሎ ቢሸጥ አይነቀፍም፤ አዲስ ነው ካለ ግን ያታልላል። አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አበው ለዚህም ያገለግላል።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠራት፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው የመጀመሪያይቱ አገር ሠራሽ አይሮፕላን፤ በወረራው ጊዜ በኢጣልያኖች እጅ ወድቃ ወደ አገራቸው ተወሰደች። በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፤ በቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የኢጣልያ አየር ኃይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት ስትታይ ከቆየች በኋላ፤ በጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በይፋ ተረከባት።

ፀሐይን በሰማይ ለማየት የሚመኝ ሰው ቢኖር ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ምትክ የሌላት ናትና ለመብረር ልኳን ወስዶ አምሳያዋን መሥራት ይሻላል። እርሷ በቤተ መዘክር ትቀመጥ፤ ከአጠገቧም መዝገብ ይቀመጥ። በመዝገቡም ውስጥ ማን እንደ ሠራት፤ ማን እንደ ወሰዳት፤ ማንስ እንደ መለሳት ይጻፍ። የትኛው እንጨት የ1928 ዓ.ም. ሠራተኞች እጅ ሥራ እንደሆነ፤ የትኛው በኋላ የተተካ እንደሆነ፤ ቀለሙም ስንት ጊዜና በማን እጅ እንደ ተቀባ ይገለጥ። የተነሣው አሮጌ ቁራጭም ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ እንጂ አይጣል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፤ ነገር ግን ዛሬ ካልተጀመረ ነገ በገንዘብ የማይገዛ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ በክንፏ ሥር ቆሞ ይህ የማን እጅ ሥራ ነው ብሎ ቢጠይቅ፤ ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ እውነቱን ሊነግረው ይችላል።