ሳይቆርጡ መለካት

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ይለካል፤ መቀስ ካረፈበት በኋላ ስሕተቱን ማረም አዳጋች ነውና። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ሰውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊመዝነው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም የሚገለገልበት ቱልኪት ነው።

ቱልኪት መስኮቶችን፣ አዝራሮችንና የጽሑፍ ሣጥኖችን አዘጋጅቶ የያዘ የመሥሪያ ስብስብ ነው። እነዚህን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ለየብቻ መሥራት ድካምን ያበዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በሦስቱም ላይ እንዲሠራ የሚያስችሉ ቱልኪቶች ተፈጥረዋል። ታዲያ ከእነዚህ መካከል የሚስማማችሁን እንዴት ትመርጣላችሁ? ሦስት ነገሮችን መርምሩ።

አንደኛ፣ አሠራሩን ተመልከቱ። ደብልዩኤክስ ዊጀትስ የየኮምፒዩተሩን የራሱን አዝራሮችና መስኮቶች ስለሚጠቀም፣ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን፣ በማክ ላይ የማክን መልክ ይይዛል። ኪዩት ግን አብዛኛውን ክፍል ራሱ ይስላል። ኤሌክትሮን ደግሞ የድረ ገጽ ማሳያን በሙሉ ይዞ ይመጣል፤ ድረ ገጽ መሥራት ለለመደ ሰው ቢቀልም የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ በብዛት ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ፊደሉን ፈትኑ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፕሮግራማችሁ በአማርኛ የሚያገለግል ከሆነ፣ በጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ በትክክል መታየታቸውን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱን አንብቡ። ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ከታሪክ እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1996 ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ የገጽታ ሥራ በኪዩት ተጀመረ። በዚያን ጊዜ የኪዩት ፈቃድ የነፃ ሶፍትዌርን መለኪያ አያሟላም ነበር። ይህን የተቃወሙ ባለሙያዎች በ1997 ጂኖም የተባለውን ሌላ ሥራ ጂቲኬ በተባለ ቱልኪት ጀመሩ። በ2000 ኪዩት ለሊኑክስ በነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ቢወጣም፣ ሁለቱ ሥራዎች እስከ ዛሬ በየራሳቸው መንገድ ይጓዛሉ።

እንግዲህ አስተውሉ። ፕሮግራሙ ካደገ በኋላ ቱልኪቱን መለወጥ የገጽታውን ሥራ እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ስለሆነም በሁለትና በሦስት ቱልኪቶች አንዲት ትንሽ መስኮት ሠርታችሁ አወዳድሩ፤ ከዚያም ወስኑ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለእህል ብቻ አይደለምና።