ሠላሳ አምስት ኪስ

ስሙኝማ! የቤታችንን ጣጣ ሁሉ አንድ ግድግዳ ላይ ሰብስቦ የሚይዝ ባለ ኪስ ጨርቅ አለ፤ የሚሠራውም ካረጀ ብርድ ልብስና ከአቡጀዲ ነው። ብልሃቱ ግን ያለው ጨርቁ ላይ ሳይሆን በየቀኑ በምንቆጥረው ወር ውስጥ ነው። የገባኝ ጊዜ ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

ቤት ውስጥ የሚጠፋውን አስቡ፤ የእድር ደብተር፣ የውሃ ቢል፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ የጤና መድን ደብተር፣ የጓዳ ቁልፍ። የሚረሳ ቀን ደግሞ አለ፤ የማኅበር ተራ፣ የእቁብ መጣያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። የሚያመልጠን ወረቀቱ አንድ ቦታ፣ ቀኑ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ በሚፈለግበት ቀን ኪስ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀናል።

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ከተማ ናትና ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ከቤት አይጠፋም። ከእሱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቁረጡ። ሱፉ ከባድ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ የግድግዳውን ቅዝቃዜና እርጥበትም ከወረቀቱ ያርቃል። ጉም ቤታችሁ ድረስ ለሚገባባችሁ ለአንኮበሮቹ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እናንተማ ለኪሶቹ የፌስታል ገበር ጨምሩላቸው። ቀጥሎ ከሜትር ትንሽ ከፍ ያለ አቡጀዲ ግዙና ወርዳቸው ስንዝር የማይሞላ አምስት ረጃጅም ቁራጮች አውጡ። የእያንዳንዱን ላይኛ ጠርዝ ከአሮጌ ነጠላ በተፈታ ጥለት አስውቡት። ቤቱን የሚያሳምረው ይሄ ነውና አትዝለሉት፤ አምስት መስመር ጥለት በግራጫ ሱፍ ላይ ሲታይ ለእንግዳ ክፍል የሚሆን ጌጥ ነው። ቁራጮቹን ከላይ ወደ ታች ደርድራችሁ ታችና ጎናቸውን ስፉ፤ ከዚያ በየቁራጩ ላይ ስድስት ቀጥ ያሉ ስፌቶች አውርዱ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰባት ኪስ ሆነ። ከላይ የባሕር ዛፍ ዘንግ አስገብታችሁ በር አጠገብ ስቀሉት። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ምስማሩን ማገሩ ላይ ምቱት፤ ጭቃው ብቻውን አይዘውም።

አሁን ኪሶቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ጻፉ። ከላይ ባለው ጠርዝ ላይ ሰባት የልብስ መቆንጠጫ ሰክታችሁ የሰባቱን ቀን ስም ጻፉባቸው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መቆንጠጫ ሐሙስ፣ ቀጣዩ ዓርብ እያለ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ነው ጉዱ! የታችኛውን መስመር እዩት። 28 ኪስ አራት ሳምንት ሞላ፤ 29 እና 30 ብቻ ተረፉ። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁልጊዜ 30 ስለሆነ የሚተርፈው ሁልጊዜ ሁለት ነው። ስለዚህ ወር ሲያልቅ በግራ ያሉትን ሁለት መቆንጠጫዎች አንስቶ በቀኝ ጫፍ መሰካት ብቻ ነው፤ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ከፊት ያሉት ሁለት ተነስተው ሌላው ወደፊት እንደሚጠጋው። መስከረም በሐሙስ ከገባ ጥቅምት በቅዳሜ፣ ኅዳር በሰኞ። የ2018ን የኅዳር ካሌንደር ብታዩ እውነትም ሰኞ ነው! ካሌንደር በየዓመቱ ይጣላል፤ ይሄ ጨርቅ ግን እስኪያልቅ ያገለግላል።

በታችኛው መስመር ቁጥር ያልተጻፈባቸው አምስት ኪሶች ቀሩ አይደል? ቀን የሌለውን ዕቃ፣ ቁልፉን፣ ደብተሩን፣ ካርዱን እዚያ አድርጉ። አምስት! እንደ ጳጉሜ! የነሐሴ 30 ሲደመር የጳጉሜ 5 ሠላሳ አምስት፣ ልክ አምስት ሳምንት። ስለዚህ ነሐሴ ሲያልቅ መቆንጠጫዎቹን አታንሱ፤ ነሐሴ በገባበት ቀን መስከረምም ይገባል፤ ነሐሴ 1 ቀን 2018 ዓርብ፣ መስከረም 1 ቀን 2019ም ዓርብ። እናንተዬ፣ ጨርቁ ራሱ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል።

ወደ ታች ደግሞ አንብቡት። በአምስተኛው ዓምድ 5፣ 12፣ 19 ይገኛሉ፤ አቦ፣ ሚካኤልና ገብርኤል። በየትኛውም ወር ሦስቱ የሚውሉት በአንድ ዓይነት ቀን ነው፤ ሚካኤል ማክሰኞ ከዋለ ገብርኤልም ማክሰኞ ነው። በሰባተኛው ሥላሴ፣ አቡነ አረጋዊ፣ ማርያምና አማኑኤል ተደርድረዋል። ስንት ዓመት ስናከብራቸው ኖረን ይሄን አላየንም!

ለደጋሽ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የሚካኤል ማኅበር ተራችሁ ከሆነ ኪስ 12 ውስጥ «ድግስ» የሚል ካርድ አድርጋችሁ አትቁሙ። ወደ ኋላ ቁጠሩና ጠላው የሚጠነሰስበት ቀን ኪስ ውስጥ «ጌሾ፣ ብቅል» የሚል፣ 11 ውስጥ «እንጀራ» የሚል ካርድ ጨምሩ። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ኪስ ብቻ ማየት ነው፤ ነገ ራሱ ይመጣል። ሥራው የተሠራለትን ካርድ አውጡና ለሚመጣው ወር ወደሚሆን ኪስ ውሰዱት፤ ካርዱ አይጣልም።

ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ያሉ ሙስሊም ወዳጆቻችንም ለሂጅራ ወር ሌላ ጨርቅ መስፋት ይችላሉ። ወሩ ከ30 አይበልጥምና ኪሱ ይበቃል፤ 29 ሲሆን አንድ መቆንጠጫ፣ 30 ሲሆን ሁለት ማንሳት ነው። የፈረንጆቹ ወር ግን አንዴ 31፣ አንዴ 30፣ አንዴ 28 ስለሚሆን በየወሩ ስሌት ይጠይቃል።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ የሚቀጥለው 2019 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከጳጉሜ ወደ መስከረም 2020 ስትሻገሩ አንድ መቆንጠጫ ብቻ አንሱ።