መረብ በሌለው ግብ ፊት

ስፖርታዊ ጨዋነት የጨዋታን ሕግ ከማክበር ይጀምራል፤ ሕጉና ዳኛው በማይደርሱበት ቦታ ራስን በመግዛት ይፈተናል። ዳኛ ያላየውን ጥፋት ማመን፣ ተሸንፎ አሸናፊውን መጨበጥ፣ አሸንፎ ተሸናፊውን አለማዋረድ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገሩ ይከብዳል። ተጫዋቹ ደሙ የሚፈላ፣ በእኩዮቹ ፊት ከማፈር የባሰ ነገር ያለ የማይመስለው ወጣት ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በብዙ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ግብ ማለት ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። መረብ የለውም። ኳሷ በቋሚው ጥግ ሽው ብላ ስታልፍ በውስጥ ትሁን በውጭ ከርቀት መለየት ያስቸግራል። አጥቂው «ገባ!» ይላል፤ ተከላካዩ «በውጭ ነው!» ይላል፤ ዳር ቆሞ የሚያየውም ተማሪ ሁሉ እንደ ክፍሉ ይመሰክራል። ዳኛው የስፖርት መምህሩ ወይም ከላይኛው ክፍል የተመረጠ ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ረዳት ዳኛ የለውም። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ከማንም አስበልጦ የሚያውቅ አንድ ልጅ ሜዳው ውስጥ አለ፤ ግብ ጠባቂው። ኳሷ በየት በኩል እንዳለፈች በቅርብ አይቷል። ገብታ ከሆነ ኳሷን አንሥቶ ወደ መሐል ሜዳ መወርወር ወይም ለመልስ ምት አስተካክሎ ማስቀመጥ በእጁ ነው።

መረብ ኳስም የራሱ ፈተና አለው። ተጋጣሚው ዘሎ ሲመታ ለመከላከል እጁን የዘረጋ ተጫዋች ኳሷ የጣቱን ጫፍ ነክታ ከሜዳ ከወጣች ነጥቡ የተጋጣሚው ነው። እንዲህ ያለ ንክኪ ከዳኛው ዓይን ያመልጣል፤ ከተነካው ጣት ግን አያመልጥም። እጁን አንሥቶ «ነክታኛለች» የሚል ተማሪ ቡድኑን አንድ ነጥብ ያሳጣል። ከዚያ በኋላ ግን «አልነካችኝም» ባለ ጊዜ ዳኛውም ተጋጣሚውም ያምኑታል። መታመን ምን እንደሚጠቅም ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ከዚህ ባጠረ ጊዜ የሚያሳይ ትምህርት ማግኘት ይቸግራል።

የአገሩ ልማድ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በገና ሰሞን ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመቱ ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን ገፍቶ ቢያልፍ፣ ዱላውም ቅልጥሙን ቢያገኘው፣ በዚያ ቀን መቆጣት ነውር ነው። ለተሸነፈው ወገን የፌዝ ግጥም ይወጣለታል፤ እሱም ስቆ ይቀበላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚያደርሰው ግን እስከ ግማሽ መንገድ ነው። የገና ተጫዋቾች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ አብረው ይበላሉ። የትምህርት ቤት ውድድር ከክፍል ለክፍል ተነሥቶ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ሲያድግ ተጋጣሚው ስሙ እንኳ የማይታወቅ ልጅ ይሆናል። ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋፍቶ ሳይቀያየሙ መለያየትን ማስተማር የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው።

ጦርነት ጨዋታ ባይሆንም፣ ለደብረ ማርቆስ ስሟን ያስገኘውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ቆስለው በተማረኩ ጊዜ፣ ድል ያደረጓቸው ምኒልክ ቁስላቸውን እንዳስታመሙላቸው ይተረካል። አሸናፊ በተሸናፊው ላይ ያለው ሥልጣን የሚታወሰው በአያያዙ መሆኑን የጎጃም ልጅ ከራሱ ታሪክ ሊማር ይችላል።

በሜዳ ላይ ለዚህ ሁሉ መሪ ያስፈልጋል፤ እሱም አምበሉ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት አምበል የሚመረጠው በእግሩ ነው። ግብ የሚያገባው፣ ድምፁ የሚጎላው፣ አንዳንዴም ጉልበቱ የሚፈራው ልጅ ክንዱ ላይ ጨርቅ ይታሰርለታል። እዚህ ላይ ስሕተት አለ። የእግር ኳስ ሕግ ለአምበል የተለየ መብት አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ለቡድኑ ጠባይ በተወሰነ ደረጃ ተጠያቂ የመሆን ኃላፊነት ነው። በመረብ ኳስ ደግሞ ጨዋታው እየተካሄደ ስለ ውሳኔው ማብራሪያ ዳኛውን መጠየቅ የሚፈቀደው ለአምበሉ ብቻ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቷል፤ ስለ ውሳኔ ለመነጋገር ወደ ዳኛው የሚቀርበው አምበሉ ብቻ ይሁን፣ ሌላው ዳኛውን ቢከብ ቢጫ ካርድ ይታይበት የሚል ነበር። ዐሥር ተጫዋች በአንድ ዳኛ ላይ ሲጮኽ ማየት የለመደ ተመልካች ለውጡን ወዲያው ነው ያስተዋለው።

ይህን መመሪያ በአንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ለመጀመር አንድ ብር አያስፈልግም። ከጨዋታው በፊት መምህሩ ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ «ከእናንተ በቀር የሚያናግረኝ የለም» ቢላቸው በቂ ነው። ከዚያ በኋላ የአምበሉ ሥራ መልኩን ይለውጣል። አወዛጋቢው ግብ ሲቆጠር ጓደኞቹን በእጁ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ራሱ ይራመዳል፣ አይሮጥም፤ ይጠይቃል፣ አይጮኽም። መልሱን ተቀብሎም ለቡድኑ ይነግራል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ተረት ጊዜ ጠብቆ መናገርን ያስተምራል፤ አምበልም የሚለማመደው ይህንኑ ነው። ደካማው ተከላካይ ተሳስቶ ግብ ሲገባ መጀመሪያ ሄዶ ትከሻውን የሚነካው እሱ መሆን አለበት። በዚያች ደቂቃ የተሰደበ ልጅ በቀሪው ጨዋታ ኳስ እንዳትመጣበት ይሸሻል፤ የተደገፈ ልጅ ግን ይጠይቃታል። ስለዚህ አምበልነት ለግብ አግቢነት ሽልማት ባይሆን ይሻላል። ተማሪዎቹ ራሳቸው በምስጢር ድምፅ ቢመርጡና መምህሩ ቢያጸድቀው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስም የኮከቡ ሳይሆን የዝምተኛው አማካይ ወይም የግብ ጠባቂው ነው።

ይህ ልምምድ ከሜዳ ውጭ ምን ሊወልድ እንደሚችል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ምስክር ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት እኒህ ሰው፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታነሣ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ቆይተውም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በዘር መድልዎ የምትመራው ደቡብ አፍሪካ ከስፖርቱ እንድትገለል አጥብቀው ታግለዋል። ለእሳቸው ፍትሕ ከጨዋታው ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የዚያ ትግል ሌላኛው ገጽ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ታየ። ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው ገና በዚያ ዓመት ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደራርቱ ያን ቀን የ20 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ በዕድሜ ብዙም አትርቅም።

አምበሉ የሚኮርጀው መምህሩን ነው። ቢጫና ቀይ ካርድን ለዓለም ያበረከተው ኬን አስተን በሙያው የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የእንግሊዝና የአርጀንቲና ጨዋታ በቋንቋ አለመግባባት ከተበጠበጠ በኋላ፣ በመኪና ሲሄድ ያየው የትራፊክ መብራት ሐሳቡን እንደሰጠው ተናግሯል፤ ካርዶቹም በ1970 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ካርድ ለአሰልጣኞችም ይወጣል። ይህ የኋለኛው ለትምህርት ቤት ከሁሉ ይበልጣል። መስመር ዳር ቆሞ ዳኛውን የሚሳደብ መምህር በክፍል ውስጥ ስለ ሥነ ምግባር ያስተማረውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያፈርሰዋል። የመምህሩ እውነተኛ ፈተና ኮከቡ ተጋጣሚውን ሲሳደብ ነው። 3 ለ 0 እየመሩ እሱን ማስወጣት ቀላል ነው። 1 ለ 0 እየተመሩ፣ 10 ደቂቃ ሲቀር፣ ተማሪው ሁሉ ስሙን እየጠራ «ውጣ፣ ቁጭ በል» ማለት ግን ከባድ ነው። ተማሪዎች ለዓመታት የሚያወሩት ያችን ውሳኔ ነው።

ተመልካቹም የጨዋታው አካል ነው። ክፍል ለክፍል መፎካከር፣ በግጥም መተራረብ ሜዳውን ያሞቀዋል፤ መከልከልም አይገባውም። ድንበሩ ያለው ተረቡ ከጨዋታው ወጥቶ የልጁን ቤተሰብ፣ መልኩን ወይም የመጣበትን ቀበሌ ሲነካ ነው። በተለይ ሴቶች ሲጫወቱ ከመስመር ዳር የሚነሣው ሳቅ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከሜዳ አስቀርቷል። የሴቶቹ ጨዋታ ከወንዶቹ በኋላ፣ ሰው ሲበተንና ሲመሽ፣ በተረፈች ኳስ እንዲካሄድ ከተደረገ ደግሞ ሳቁን ያስተማረው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። የወንዶቹ ቡድን አምበል መጥቶ ሲያጨበጭብላቸው ግን ሌላው ይከተለዋል።

ጨዋነትን በውጤት ሠንጠረዥ ላይ ማስገባትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ጃፓንና ሴኔጋል በነጥብም በግብም እኩል ሆነው ሲገኙ ጃፓን ያለፈችው 4 ቢጫ ካርድ ብቻ ስለነበራት ነው፤ ሴኔጋል 6 ነበራት። በክፍል ለክፍል ውድድር እኩል የወጡ ቡድኖችን በዕጣ ከመለየት በካርድ ቁጥር መለየት ለተማሪው ግልጽ ነው፤ በሦስተኛው ደቂቃ የተሳደባት ስድብ በመጨረሻው ቀን ልታስወጣው እንደምትችል ያውቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከርሟል። ከትምህርት ርቀው የቆዩ፣ ያዘኑና የተፈራሩ ልጆች በአንድ ግቢ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያቀራርባቸው ኳስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከየሰፈሩ የመጡትን ቀላቅሎ ቡድን መመሥረት ከዋንጫው ይቀድማል፤ ተቀላቅለው የተሰለፉ ልጆች አንዱ ለአንዱ ኳስ ማቀበል አለባቸውና።

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሄዱ አምበሉም ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት የተለፋበት ልማድም አብሮት ይወጣል። ይህ እንዳይሆን ረዳት አምበሉ ከ10ኛ ወይም ከ11ኛ ክፍል ተመርጦ፣ ቢያንስ ጥቂት ጨዋታዎችን ራሱ እንዲመራ ይደረጋል። ከዳኛው ጋር ሲነጋገር ታላቁ አጠገቡ ይቆማል፤ ጣልቃ አይገባም። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሲያልቅ የክንዱን ጨርቅ ፈትቶ በተማሪው ፊት የሚያስረው ለዚያ ልጅ ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሜዳው ጭቃ ቢሆንም የሚጠራ አምበል አለ።