የእህል ስታርች በኩሬ ዓሣ አካል ውስጥ

ባሮ ወንዝ በጋምቤላ ከተማ መሃል ያልፋል። በቆሎ፣ ማሽላና ዓሣ ከአካባቢው ሕዝብ ዋና ዋና ምግቦች መካከል ናቸው። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ከ100 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች ስላሉት፣ በዓሣ ዝርያ ብዛት ከአገራችን ተፋሰሶች ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ይሁን እንጂ ዓሣ በኩሬ ይርባ ሲባል፣ ወንዙ በነፃ ይመግበው የነበረውን ፍጥረት የመመገቡ ኃላፊነት በሰው ላይ ይወድቃል። በቅርብ የሚገኘው መኖ ደግሞ እህልና የእህል ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ የዓሣው አካል የእህሉን ስታርች ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ከማናቸውም ዕቅድ መቅደም አለበት።

ስታርች የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው። በዓሣ አንጀት ውስጥ አሚሌዝና ሌሎች ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ግሉኮስ ይሰባብሩታል፤ ግሉኮሱም ወደ ደም ይገባል። እስከዚህ ድረስ ሂደቱ ከሰው ጋር ይመሳሰላል። በሰው አካል ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የደሙን ስኳር በቶሎ ዝቅ ያደርገዋል። እንደ ትራውት ባሉ ሥጋ በል ዓሦች ግን ብዙ ካርቦሃይድሬት ከተመገቡ በኋላ የደማቸው ስኳር ለብዙ ሰዓታት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ቀድሞ ምክንያቱ የኢንሱሊን እጥረት ይመስል ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን በደማቸው ውስጥ ኢንሱሊን በበቂ መኖሩን አሳይተዋል። ችግሩ ጡንቻቸው ግሉኮስን በዝግታ መቀበሉና፣ ደሙ ስኳር ሞልቶት ሳለ እንኳ ጉበታቸው ከፕሮቲን ግሉኮስ መሥራቱን አለማቆሙ ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ዓሣ ሰውነቱን ለማሞቅ ኃይል አያወጣም፤ ከፕሮቲን የሚተርፈውን አሞኒያም በስንጥቡ በኩል በቀላሉ ወደ ውሃ ያስወግዳል። ስለሆነም ፕሮቲንን ለኃይል ማዋል ለዓሣው ቀላል ነው። ለአርቢው ግን ኪሣራ ነው፤ ሥጋ መሆን የሚገባው ውድ ፕሮቲን ነዶ ይቀራልና። በመኖው ውስጥ ስታርች በልኩ ሲኖር ግን ኃይሉ ከስታርቹ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ለዕድገት ይተርፋል።

ልኩ እንደ ዓሣው ዓይነት ይለያያል። ለትራውት ከመኖው 20 በመቶ በላይ ካርቦሃይድሬት አይመከርም። ቆሮሶ የሚባለው የናይል ቲላፒያ ግን ከ35 እስከ 40 በመቶ ሊጠቀም ይችላል። አንጀቱ ከአካሉ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ጨጓራውም የአልጌን ግድግዳ የሚያፈርስ ብርቱ አሲድ አለው። አምባዛ የተገኘውን ሁሉ ስለሚበላ እህልንም በመጠኑ ይጠቀማል። ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚኖረውን ናይል ፐርች በእህል ለማሳደግ ማቀድ ግን ተፈጥሮውን መዘንጋት ነው።

ቆሮሶም ቢሆን በበቆሎ ብቻ አያድግም። የበቆሎ ፕሮቲን 9 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይሻል። ትርፉ ስታርች በጉበትና በሆድ ዕቃው ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል፤ ዓሣው ይወፍራል እንጂ ሥጋው አይጨምርም። 30 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው የኑግ ፋጉሎ ከበቆሎ ጋር እኩል ቢደባለቅ 20 በመቶ ገደማ ይሰጣል። የጎደለውን በፍግ በለማ ኩሬ ውስጥ የሚበቅሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሊያሟሉ ይችላሉ። ስታርች ሲበስል በቀላሉ ስለሚፈጭ እህሉን ቀቅሎ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን ከፋፍሎ መስጠት ይበጃል። አሠር የበዛበት ገለባ ግን ለዓሣ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

መምህራን ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ ተገዝተው ሆዳቸው ሲከፈት፣ ተማሪዎች የአንጀታቸውን ርዝመት በሲባጎ ለክተው ከአካላቸው ርዝመት ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያም የትኛው ዓሣ እህል እንደሚስማማው ራሳቸው ይፍረዱ።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። በቆሎ በመጀመሪያ የሰው ምግብ ነው። ኩሬው ከቤተሰብ ማዕድ እህል የሚቀማ ከሆነ ልማት አይባልም። ስለዚህ ፉርሽካን፣ አተላንና ፋጉሎን የመሳሰሉ ተረፈ ምርቶች በምን ያህል መጠንና በየትኛው ወቅት እንደሚገኙ አስቀድሞ ይጠና፤ የዓሣው ዓይነትና ብዛትም ከዚያ በኋላ ይወሰን።