እግር የለመደውን ወንበር እንዳያስረሳው

ተማሪም ሁኑ አዲስ የተቀጠራችሁ ጸሐፊ፥ ትናንት ስንት ሰዓት ተቀምጣችሁ እንደ ዋላችሁ እስቲ አስቡት።

እኔ በወግዲ ሳድግ ዓርብ ማታ ከተከራየንባት ክፍል ወጥተን ወላጆቻችን ዘንድ በእግራችን እንሄድ ነበር፤ እሑድም ስንቃችንን ተሸክመን ዳገቱን ወጥተን እንመለሳለን። መንገዱ ራሱ ስፖርት ነበረ። ኋላ ኮሌጅ ገባሁ፤ መኝታው፥ መማሪያውና መመገቢያው በአንድ ግቢ ሆነ። በመጨረሻው ዓመት ለፋሲካ አገሬ ስገባ፥ እናቴ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ ቀረሁ። ዘወር ብላ፥ «ምነው ልጄ፥ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ያሳፈረኝ ምንም ያላመመኝ መሆኑ ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደንን የአውቶቡስ ሠራተኞች መርምሮ ውጤቱን በ1946 ዓ.ም. አሳተመ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ግን በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ላይ ሳለ፥ የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። በፖስታ ቤትም ደብዳቤ እየዞሩ የሚያድሉት፥ ከጠረጴዛ ከማይነሡት ጸሐፊዎች ይልቅ ይህ በሽታ ያነሰባቸው ሆኑ።

እንግዲህ ምን ያህል ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜው ከ18 እስከ 64 ለሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ይመከራል። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበታል። መጠነኛ የሚባለው እየሠሩ መነጋገር የሚቻልበት፥ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ነው። ብርቱ የሚባለው ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ መሳብ ግድ የሚሆንበት ነው።

150 ደቂቃ ሲባል አትደንግጡ። ለአምስት ቀን ቢካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ለመሄጃ 15፥ ለመመለሻ 15 ማለት ነው። ታክሲ የምትሳፈሩ ቀደም ብላችሁ ውረዱና የቀረውን በእግር ፈጠን እያላችሁ ጨርሱት። ፈተና ደርሷል የምትሉ፥ በቃል የሚያዘውን ትምህርት ከጓደኛ ጋር እየተራመዳችሁ ተጠያየቁ። ውኃ በጄሪካን ከመሸከምና እንጨት ከመፍለጥ አትሽሹ፤ ለጡንቻ የታዘዘው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ይህ የሌለው በክፍሉ ወለል ላይ ፑሽ አፕ ይሥራ። ያልለመደ በ10 ደቂቃ ይጀምር፤ ጥቂቱም ከምንም ይሻላልና። የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

እኔም ዛሬ አስተማሪ ሆኜ፥ ከክፍል ስወጣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ። ለመጪው ፋሲካ እናቴን ልቅደማት ብዬ አይደለም፤ እንስራውን ተቀብያት ዳገቱን አብሬያት ብወጣ ይበቃኛል።