በሩ ሲዘጋ የሚጀምር ደመወዝ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ባለፈው ጥር ስትደውልልኝ ድምፅዋ ዝሏል። «ዛሬ 10 ሰዓት ሥራ ላይ ዋልኩ፣ የሚከፈለኝ ግን የ4 ሰዓት ነው» አለችኝ። ሒሳብ ክፍል ተሳስቶ ነው ብዬ «ለምን አትከራከሪያቸውም?» አልኳት። ሳቀች። «ስህተት አይደለም እኮ። ውሉ ነው። በሩ ካልተዘጋ ሰዓቱ አይቆጥርም።»

ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። እስቲ አብረን እንየው።

በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪውም አስተናጋጇም በአብዛኛው የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። ሰዓት ሲባል ግን ኤርፖርት የገቡበት አይደለም። «ብሎክ» የሚሉት አለ፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ስሙ የመጣው ጎማው ሥር ከሚደረገው ታኮ ነው። ታኮው ሲነሳ ክፍያ ይጀምራል፣ ሲመለስ ያቆማል።

መዝጋቢው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ከ1978 ጀምሮ ኤካርስ የሚባል የመልእክት ሥርዓት አራት ሰዓቶችን ወደ ኩባንያው ይልካል፦ ወጣ፣ ተነሳ፣ አረፈ፣ ገባ። በሮቹ መዘጋታቸውንና የማቆሚያ ፍሬኑ መለቀቁን የሚያውቁ መሣሪያዎች አሉት። ፍሬኑ ሲለቀቅ «ወጣ» ተብሎ ይመዘገባል። በቃ፣ ደመወዝ ጀመረ ማለት ነው።

አሁን ሁለት አውሮፕላኖች እናስብ። የሁለቱም ጉዞ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። አንደኛው በሩ ሳይዘጋ ብልሽት ተገኘበትና 2 ሰዓት ቆመ። ሁለተኛው በሰዓቱ በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ግን በረዶ እየጣለ ስለነበር አስፋልቱ ላይ ተሰልፎ 2 ሰዓት ጠበቀ። ለተሳፋሪው መዘግየቱ ያው ነው። የመጀመሪያው አብራሪ ግን የሚቆጠርለት 1 ሰዓት ከ30፣ የሁለተኛው 3 ሰዓት ከ30 ነው። በሰዓት 200 ዶላር ብንል፣ አንዱ 300 ሌላው 700 ዶላር ይዞ ይገባል።

የአብራሪዎች ማኅበራት ይህን ስለሚያውቁ ውሉ ላይ መጠገኛ አስገብተዋል። የታቀደው ወይም የተበረረው ጊዜ፣ የበለጠው ይከፈላል። ሥራ ላይ የዋለበት ጠቅላላ ሰዓት ሲረዝም ዝቅተኛ ክፍያ የሚያስጠብቅ አንቀጽም አለ። መጠኑ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። መጠገኛው ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ሁሌም አይሸፍነውም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ለደህንነት ሲባል የሚቆጠረው ሰዓት ሌላ ነው። ከ2014 ጀምሮ በሚሠራበት የአሜሪካ ደንብ ሁለት አብራሪዎች ብቻ ያሉበት በረራ ከ9 እስከ 14 የሥራ ሰዓት ገደብ አለው፤ እንደሚጀምሩበት ሰዓትና እንደ በረራዎቹ ብዛት ይለያያል። ይህ የሚቆጠረው ለሥራ ሪፖርት ካደረጉበት ደቂቃ ነው። በር ክፍት ሆኖ የተቀመጡበት 2 ሰዓት ለድካም ሲሆን ይቆጠራል፣ ለገንዘብ ሲሆን አይቆጠርም። መንግሥት «ደክሟል» ያለውን ሰው የደመወዝ ሰነዱ «አልሠራም» ይለዋል።

ታዲያ ማን ይጎዳል? የእኛን የሚኒባስ ተራ አስቡት። ታክሲው ሞልቶ እስኪሄድ ቀድሞ የገባው ተሳፋሪ ይጠብቃል። ለምን? የእሱ ጊዜ ለታክሲው ዋጋ ስለሌለው ነዋ! አየር መንገዱም ለመጠበቅ ካልከፈለ፣ ሠራተኛን ማስጠበቅ በነፃ ያገኘው ነገር ይሆናል። በነፃ የተገኘ ነገር ደግሞ አይቆጠብም።

ሌላም አለ። በሰዓቱ መነሳት የሚለካው ከተርሚናሉ በወጡበት ሰዓት ነው። ወጥቶ አስፋልት ላይ መጠበቅ ለኩባንያው መዝገብም፣ ለሠራተኛው ኪስም ይመቻል። የማይመቸው ለተሳፋሪው ብቻ ነው። እርግጥ መቼ እንደሚወጣ አብራሪው ብቻውን አይወስንም፤ የበረራ ተቆጣጣሪም አለ፣ አየሩም አለ። ቢሆንም ሰዎች አስፋልት ላይ ለሰዓታት ከተቆለፈባቸው አጋጣሚዎች በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ2010 ለአገር ውስጥ በረራ የ3 ሰዓት ገደብ ሥራ ላይ አዋለ።

ለአስተናጋጆች ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2022 ዴልታ ተሳፋሪ ለሚያስገቡበት ጊዜ የሰዓቱን ክፍያ ግማሽ መክፈል ጀመረ። በነሐሴ 2025 ከ10 ሺሕ በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ ሲያቆሙ፣ ከጥያቄዎቻቸው ዋነኛው ይኸው የምድር ላይ ሥራ ነበር።

«ሁሉም ደቂቃ ከተከፈለ ሠራተኛው ሆን ብሎ ያዘገያል» የሚል ይኖራል። ግን በረዶውን የሚያዘንበው አብራሪው አይደለም፤ የተበላሸውን ዕቃ በመጋዘን ያላስቀመጠውም እሱ አይደለም። መዘግየትን መቀነስ የሚችለው አካል ወጪውን ይሸከም፣ ይላል የተማርነው።

የአክስቴ ልጅ ኩባንያ እስካሁን አልጀመረም። ትናንት ስንደዋወል አንዲት እናት ሻንጣ ሰቅላላቸው መርቀዋት ነበር። «ከዛሬው ጠዋት ሥራዬ የተከፈለኝ ምርቃቱ ብቻ ነው» አለችኝ።