በሙክት ፊኛ ውስጥ የሚፈጠረው ማዕድን

በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር የሚገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ የደጋውና የአፋር ቆላ ሕዝብ የሚገበያይበት፣ ፍየልና በግ በብዛት የሚቀርብበት ነው። ለዚህ ገበያ ሙክት የሚያደልብ አርሶ አደር ሊያውቀው የሚገባ አንድ ማዕድን አለ፤ ስትሩቫይት ይባላል።

ስትሩቫይት ማግኒዚየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ሲዋሐዱ የሚፈጠር ለስላሳ ክሪስታል ነው። በዐለት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በማዕድንነት የተመዘገበው በ1845 እ.ኤ.አ ሲኾን፣ የተገኘውም በጀርመን ሃምቡርግ ከተማ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ በተከማቸባቸው ዋሻዎችም ይታያል። በአንዳንድ ሀገራት ደግሞ ከከተማ ፍሳሽ ተለይቶ ለማዳበሪያነት ይውላል።

በእርሻ ጠቃሚ የኾነው ይህ ማዕድን በእንስሳት ፊኛ ውስጥ ሲፈጠር ግን ለሞት ይዳርጋል። የሚያመሰኩ እንስሳት ትርፍ ፎስፎረስን በምራቃቸው ወደ ጨጓራ መልሰው ከበጠጥ ጋር ያስወግዳሉ። ምራቅ በብዛት የሚመነጨው ድርቆሽና ቅጠል ሲያመሰኩ ነው። ፉርሽካና እህል በዝቶ ድርቆሽ ሲያንስ ምራቁ ይቀንሳል፤ ትርፉ ፎስፎረስም በሽንት በኩል ይወጣል። የፉርሽካ ፎስፎረስ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ችግሩን ያባብሳል። እንስሳው በቂ ውኃ ካላገኘ ሽንቱ ይወፍርና ክሪስታሎቹ ተጠራቅመው ጠጠር ይኾናሉ።

ሴቶቹ የሽንት ቧንቧቸው አጭርና ሰፊ በመኾኑ ጠጠሩ በቀላሉ ይወጣል። የወንዶቹ ግን ረጅም፣ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። በልጅነት የተኮላሸ ሙክት ቧንቧው በሚገባ ስለማይሰፋ ይበልጥ ይጋለጣል።

ሙክቱ ለመሽናት ሲያምጥ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ሲል ወይም ደም ሲቀላቀልበት፣ ሆዱን በእግሩ ሲመታና መኖ ሲተው ቧንቧው መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ፊኛው ከመፈንዳቱ በፊት በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

መከላከያው ቀላል ነው። ንጹሕ ውኃ ዘወትር ማቅረብ፣ ውኃ እንዲጠጣ የሚያነሳሳውን አሞሌ ጨው ማስላስ፣ ድርቆሽና ቅጠልን ዋና መኖ ማድረግ፣ ፉርሽካን ቀስ በቀስና በልክ መጨመር፣ ካልሲየም ያላቸውን እንደ አልፋልፋ ያሉ መኖዎች ማሰባጠር፣ ማኮላሸትንም ጥቂት ወራት ማዘግየት ነው።